በአውቶሞቢል ላይ ሰብዉፈር ስለ መጨመር

(በሬዲዮ የተነገረ)

ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ካሰማናቸው ንግግሮች መካከል አንዱ፣ አውቶሞቢል ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት በመጣው ቴፕ ላይ ሰብዉፈር የተባለውን የወፍራም ድምፅ ማጉያ ስለ መጨመር የሚያስረዳ ነበር። በጊዜው ያመለጠው እንዲያነበው፣ የሰማውም እንዲያስቀምጠው፣ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ ቀርቧል። ነገሩ ከላይ ሲያዩት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን ገንዘብን፣ የእሳት አደጋን፣ የጆሮን ጤናና የጎረቤትን ዕረፍት የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያውን ከመግዛት አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ይበጃል።

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴል ሰፈር የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በምሳሌነት እንውሰድ። ይህ ሰው ዕድሜ የጠገበች ቶዮታ ኮሮላ አለችው እንበል። ጧት ከቤቴል ተነሥቶ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ሲወርድ፣ ማታም ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ያለችውን መኪና ጠብቆና አሻሽሎ መያዝ የብዙ ሰው አሳብ ሆኗል። እንግዲህ ይህ ሰው «ዜናውስ በደኅና ይሰማል፤ ሙዚቃው ግን ነፍስ የለውም» ቢል አይፈረድበትም። ሙዚቃው ነፍስ ያጣበትን ምክንያት አስቀድመን እንመልከት።

ድምፅ ማለት የአየር መርገብገብ ነው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ መርገብገብ አንድ ኸርዝ ይባላል። ጤናማ የሆነ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። መርገብገቡ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ይወፍራል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የዚህ ድምፅ አንዱ ማዕበል ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ ይኸውም ሁለት ኮሮላዎች ፊትና ኋላ ሆነው ቢቆሙ የሚይዙትን ቦታ ያህል ነው። ይህን የመሰለ ትልቅ ማዕበል ለማንቀሳቀስ ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል።

የአገራችንን ከበሮ ልብ ይበሉ። ሰፊው ፊቱ ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣል፤ ጠባቡ ፊቱ ቀጭኑን። በአውቶሞቢል በር ውስጥ የሚገጠመው ድምፅ ማጉያ ግን ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ16 ሴንቲሜትር አያልፍም። የመርገብገቡ ቁጥር በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ድምፁን በነበረበት ኃይል ለማሰማት የድምፅ ማጉያው ሸራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 4 እጥፍ መራመድ ይኖርበታል። ትንሹ ማጉያ ይህን ያህል ሊራመድ አይችልም። ስለዚህ ከ80 ኸርዝ ወይም ከዚያ አካባቢ ጀምሮ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። ሰው ግን ዜማው ጨርሶ የጠፋ አይመስለውም፤ አእምሮ የጎደለውን መሠረት ከተረፉት ቀጫጭን ድምፆች ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋልና። እንግዲህ የቤዙ ዜማ ይታወቃል፤ ደረትን የሚነካው ኃይሉ ግን የለም። መኪናይቱም በኮብልስቶን ላይ ስትሄድ የጎማው ጉርምርምታ ራሱ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ፣ የቀረውን ጥቂቱን ቤዝ ይውጠዋል።

ይህን ጉድለት ለማቃናት የተደረገው ጥረት የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ጋልቪን የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ሞቶሮላ ብለው የሰየሙትን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ሰው የሚፈልገው ንግግርና ዜማ መስማት ብቻ ነበር። በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ፣ በሚገባ በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ የድምፅ ማጉያውን ሸራ ሊገታ እንደሚችል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ወፍራም ድምፅ ለማግኘት የግድ ቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ ማቆም አላስፈለገም። በ1961 ደግሞ ኔቪል ቲል የተባለው አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ቀዳዳ ስላላቸው ሣጥኖች ስሌቱን አሳተመ። ዛሬ በየሱቁ የሚታዩት ዝግና ባለቀዳዳ ሣጥኖች ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሣጥኑ ለምን እንዳስፈለገም መረዳት ይገባል። የድምፅ ማጉያው ሸራ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። ያለ ሣጥን ቢቀመጥ የፊቱና የኋላው ማዕበል ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ዝግ ሣጥን የኋላውን ማዕበል ይዞ ያስቀራል፤ ድምፁም የተሰበሰበና ጥርት ያለ ይሆናል። ባለቀዳዳው ሣጥን ከተወሰነ ኸርዝ አካባቢ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ልኩ ካልተጠበቀ ቡም፣ ቡም የሚል አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ያሰማል። 25 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ማጉያ ከ20 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ ዝግ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ዕቃ መጫኛውን ለመሥዋት ላልፈለገ ሰው ደግሞ፣ አምፕሊፋየሩ አብሮት የተሠራና ከወንበር ሥር የሚገባ ትንሽ ሰብዉፈር አለ። ከቤቴል እስከ ሜክሲኮ ዜናና ሙዚቃ እየሰማ ለሚመላለስ ሰው ይኸኛው ይበቃዋል ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። በመርካቶም ሆነ በሌላ ሥፍራ፣ በካርቶኑ ላይ «2000 ዋት» የሚል በትልቁ የተጻፈበት አምፕሊፋየር ያገኛሉ። ይህን ጽሑፍ ከማመንዎ በፊት መሣሪያውን አገላብጠው በጎኑ ላይ የተሰካውን ፊውዝ ይመልከቱ። ፊውዙ 30 አምፔር ቢሆን፣ መኪናው ሞተሩ ሲሠራ ከሚሰጠው 13.8 ቮልት ጋር ሲባዛ 414 ዋት ይሆናል። ይህ መሣሪያው ያለ ማቋረጥ ከባትሪ ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛው ነው። ከዚህ ላይ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚደርሰው ከ250 እስከ 330 ዋት ቢሆን ነው። እንግዲህ 2000 ያለው ወረቀቱ እንጂ መሣሪያው አይደለም። ሻጩን ሳይጠይቁ እውነቱን የሚነግርዎ ፊውዙ ነው። የሚፈልጉትም ቁጥር አር ኤም ኤስ ተብሎ የተጻፈው፣ ማለት መሣሪያው ያለ ማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ለአንድ የቤት አውቶሞቢል 300 ዋት አር ኤም ኤስ ከበቂ በላይ ነው።

300 ዋት ለመስጠት፣ ክላስ ዲ የሚባለው ቁጠባ ያለው አምፕሊፋየር ከባትሪው 27 አምፔር ያህል ይወስዳል። የትንንሽ የቤት አውቶሞቢሎች ዲናሞ፣ ወይም አልተርኔተር፣ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 አምፔር ያመነጫል። ነገር ግን ይህ ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ነው፤ በሰልፍ ቆሞ ዝም ብሎ ሲሠራ የሚያመነጨው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሐምሌ ዝናብ፣ መብራቱ በርቶ፣ ዝናብ መጥረጊያው እየተመላለሰ፣ መኪናይቱ በሰልፍ ውስጥ ስትቆም ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ቢደበዝዝ፣ ዲናሞው አልቻልኩም ማለቱ ነውና ድምፁን ይቀንሱ። ሞተር አጥፍቶ ለረጅም ጊዜ ማዳመጥም ጧት በግፊ ለመነሣት መዘጋጀት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከባትሪው እስከ ኋላ የሚዘረጋው ገመድ ነው። ባትሪ ሞተር ለማስነሣት በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ሊለቅ የሚችል ዕቃ ነው። ፖዘቲቩ ገመድ በአንድ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ያ ሁሉ ኃይል በገመዱ ውስጥ ይሮጣል፤ ገመዱ ይግላል፤ ምንጣፉና ሽፋኑም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ ፊውዝ መግባት አለበት። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ መኪናውንና ተሳፋሪውንም ጭምር። በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይበቃል የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ፣ አደጋው የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ በፊት ባለው መንገድ መሆኑን ያስታውሱት። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መተካትም ቤትን ቆልፎ ቁልፉን በደጅ እንደ መተው ነው።

ከላይ ለጠቀስነው መጠን 8 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ንጹሕ የመዳብ ገመድና የ40 አምፔር ፊውዝ ይስማማል። በገበያ ላይ ግን ከላይ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ በርካሽ ይሸጣል። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከንጹሕ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ውፍረት የበለጠ ይግላል። አንዱን ክር በቢላዋ ፋቅ ቢያደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው።

ገመዱ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ብረት ውስጥ ሲያልፍ፣ የቀዳዳው ስለት እንዳይቆርጠው የጎማ ቀለበት ይደረግለት። ነጌቲቩ ገመድ አጭር ይሁን፤ የሚታሰርበትም ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ይሁን። የኃይሉ ገመድ በመኪናው በአንዱ ጎን ቢሄድ፣ የድምፁ ገመድ በሌላው ጎን ይሂድ፤ አለዚያ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር አብሮ የሚጮህ እንግዳ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ይሰማል። ሥራው ሲጀመርም የባትሪው ነጌቲቭ አስቀድሞ ይፈታ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ የግማሽ ሰዓት መቸኮል መኪና ሊያሳጣ ይችላል።

መኪናዎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ኃይል የሚወሰደው ከትንሹ ባለ12 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው፤ ያውም አምራቹ የሚፈቅደው ልክ ታውቆ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ሰው ሊገድል የሚችል ከፍተኛ ቮልት የሚተላለፍባቸው ስለሆኑ ፈጽሞ አይነኩም።

«የፋብሪካው ቴፕ የሰብዉፈር መውጫ የለውም፤ እንግዲህ መለወጥ አለበት?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አያስፈልግም። ብዙ አምፕሊፋየሮች ወደ ኋላዎቹ ድምፅ ማጉያዎች ከሚሄደው ሽቦ ላይ ድምፁን በቀጥታ ይቀበላሉ፤ የማይቀበል ቢሆን በመካከል የሚገባ ትንሽ መለወጫ አለ። የመኪናውን የፋብሪካ ሽቦ ቆራርጦ ከመቀጠል ግን ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀውን ሶኬት መጠቀም ይመረጣል፤ ነገ መሣሪያውን ለማንሣት ቢያስቡ መኪናው እንደ ነበረ ይመለሳልና። ሣጥኑም በቀበቶ ወይም በቡሎን ይታሰር። 20 ኪሎ የሚመዝን ሣጥን ሳይታሰር ቢቀመጥ፣ መኪናው በድንገት ሲጋጭ ከኋላ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል። ትርፍ ጎማ ያለበትንም ቦታ እንዳይዘጋ ያስተውሉ።

ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ማስተካከሉ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚስተውም በዚህ ላይ ነው። ሰብዉፈሩ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን እንዳያሰማ ማጣሪያው በዚያ ላይ ይደረግ። «ቤዝ ቡስት» የሚለው ቁልፍ ወደ ዜሮ ይውረድ። የቴፑ ድምፅ ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ ይበል፤ ከዚያ የአምፕሊፋየሩ መቆጣጠሪያ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመር፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወደ ኋላ ይመለስ። ፌዝ የተባለውን መቀያየሪያም በሁለቱም በኩል ሞክረው፣ በሾፌሩ ወንበር ላይ ቤዙ ሞልቶ የሚሰማበትን ይምረጡ። ታርጋውና የኋላው ክዳን ቢንቀጠቀጡ በላስቲክ ይደገፉ።

ለመፈተኛ ደግሞ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ዜና ይክፈቱ። የአዋቂ ወንድ የንግግር ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው፤ ማለት በትክክል ከተቃናው ከሰብዉፈሩ ክልል በላይ ነው። ዜና አንባቢው በበርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ከመሰለዎ፣ ማጣሪያው ከፍ ብሏል ወይም ድምፁ በዝቷል። በደንብ የተስተካከለ ሰብዉፈር ዜና ሲነገር መኖሩ አይታወቅም፤ ከበሮው ሲመታ ብቻ ይታወቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ዋናው አሳባችን እንመጣለን። ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለ፤ ይኸውም ባለቤቱ ለራሱ ብቻ ሊይዘው አለመቻሉ ነው። ቀጭኑ ድምፅ በመስኮትና በግድግዳ ይመለሳል። ወፍራሙ ግን ያልፋል። በጠቅላላው የመርገብገቡ ቁጥር በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ግድግዳ የሚከላከለው ድምፅ በ6 ዲሲቤል ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። የጭቃ ግድግዳ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኬት፣ የቆርቆሮ አጥር ለዘፋኙ ድምፅ እንቅፋት ይሆኑ ይሆናል፤ ለቤዙ ግን የተከፈተ በር ናቸው። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ዘፈኑን በሙሉ ይሰማል፤ ጎረቤቱ የሚደርሰው ዜማና ግጥም የሌለው ዱም፣ ዱም ብቻ ነው። ለአንዱ ደስታ የሆነው ለሌላው መዶሻ ይሆናል።

ሕጉም ይህን ነገር ዝም አላለውም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መጠን ልክ እንዲወጣለት ያዛል፤ ለመኖሪያ ሰፈርም የወጣው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዲሲቤል ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ። ይህ የሚለካው የሰውን ጆሮ ጠባይ ተከትሎ ወፍራሙን ድምፅ በሚቀንስ ሚዛን ነው፤ በ50 ኸርዝ ላይ 30 ዲሲቤል ያህል ቀንሶ ይመዘግባል። ስለዚህ መለኪያው «ከልክ አላለፈም» እያለ፣ የጎረቤት መስኮት ሊንቀጠቀጥና ሕፃን ሊነቃ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ሕጉን ማክበር ግዴታ ነው፤ ሕጉን ማክበር ብቻ ግን አይበቃም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያሉት አባቶቻችን፣ ሌሊት ቢታመሙ በሩን የሚያንኳኩት የማንን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

በቤቴል ሆስፒታል መኖሩም አይዘንጋ። በአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ መስኮቱን ዘግቶ ወፍራሙን ድምፅ ሊያስቀረው አይችልም። ደግሞም ከፍ ያለ ወፍራም ድምፅ ከእርሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች የመሸፈን ጠባይ ስላለው፣ ቤዙን ከልክ በላይ የከፈተ ሾፌር ከኋላው የሚመጣውን የአምቡላንስ ጩኸት ዘግይቶ ይሰማል። መንገድ ለመልቀቅ የዘገየባት እያንዳንዷ ደቂቃ ለሌላው ሰው የሕይወት ደቂቃ ልትሆን ትችላለች።

የሾፌሩም ጆሮ ቢሆን የማይታደስ ሀብት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ አዋቂ ሰው 80 ዲሲቤል የሆነውን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊያዳምጥ ይችላል፤ 90 ዲሲቤል የሆነውን ግን 4 ሰዓት ብቻ። ጧትና ማታ በሰልፍ ውስጥ የሚያልፈውን ጊዜ ቢደምሩት፣ አራቱ ሰዓት ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቃል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ረቂቅ የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከጠፉ አይተኩም።

እንግዲህ የተከበሩ አንባቢ ሆይ፤ ሰብዉፈር መጨመር ነውር አይደለም። በተገቢው መንገድ ከተሠራ፣ ፋብሪካው ያጎደለውን ሞልቶ ከበሮውን ከበሮ፣ ቤዙንም ቤዝ ያደርገዋል። በመሆኑም ትንሽና የታመነ መሣሪያ ይምረጡ፤ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያስገቡ፤ ገመዱን ፍቀው ይዩ፤ ማጣሪያውን በዜና ይፈትኑ። ማታ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ሰፈርዎ ሲታጠፉም የሰብዉፈሩን ድምፅ ዝቅ ማድረግን፣ የፊት መብራትን ዝቅ እንደ ማድረግ ያለ ልማድ ያድርጉት። አዲስ መሣሪያ መግጠምዎን ጎረቤትዎ ካላወቀ፣ ባለሙያው ሥራውን አሳምሯል፤ እርስዎም አውቀውበታል ማለት ነው።